የተውሶ ክላክስ

ፍሬቻን ካልቆጠርነው፣ ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ለባለቤቱ የማይሠራው ክላክስ ብቻ ነው። ሞተሩ ባለመኪናውን ይወስደዋል፣ ፍሬኑ ያቆምለታል፣ ወንበሩ ያሳርፈዋል። የክላክስ ጉዳይ ግን በሙሉ ውጭ ካለው ሰው ጋር ነው። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ባትሪው ሲደክምበት በዚያው ቀን ጋራዥ የሚሮጠው፣ ክላክሱ ሲዘጋበት ግን «እስኪ ይቆይ» የሚለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መንገዱ ሜዳ፣ እግረኛው ጥቂት በሆነበት ከተማ ይህ «ይቆይ» ወራት ሊፈጅ ይችላል። መቀሌ ውስጥ በእንዳ ኢየሱስ በኩል ለሚመላለስ መኪና ግን ሳምንትም ይበዛበታል።

እንዳ ኢየሱስ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የድሮው ምሽግና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እዚያው ናቸው። ኮረብታው መኪና ከመምጣቱ በፊትም ጩኸት አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በ1888 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ የጣሊያን ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ አዛዥነት እዚሁ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ሳለ፣ ከውስጥ ጥሩምባው፣ ከውጭ የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ነጋሪትና መድፍ ሲያስተጋባበት ሰንብቷል። ምሽጉን ያስለቀቀው ግን ጩኸቱ አልነበረም፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ መያዙ ነው። ጩኸት ብቻውን ቦታ እንደማያስለቅቅ እንግዲህ በዚህ ኮረብታ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ተረጋግጧል፤ የሚኒባስ ነጂዎች ብቻ ናቸው ውጤቱን እስካሁን ያልተቀበሉት።

የዛሬው መንገድ ዋና ባለቤት ተማሪው ነው። ተማሪ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ አራት አምስት ሆኖ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ስለ ፈተና እየተከራከረ ነው የሚሄደው። በመሀሉ ጋሪው፣ አህያው፣ ብስክሌቱና ባጃጁ አለ። ከእነዚህ አንዱም ወደ ኋላ ዞሮ አያይም። እግረኛው የሚመጣውን የሚለየው በጆሮው ነው። ቀጭን ድምፅ ከሰማ ባጃጅ ነው፤ ባለበት ይቀጥላል። መካከለኛ ከሆነ ሚኒባስ ነው፤ ግማሽ እርምጃ ይጠጋል። ወፍራምና ረጅም ከሆነ ሲኖትራክ ነው፤ ክርክሩን ያቋርጣል። ይህ ሁሉ ሒሳብ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንገት ሳይዞር ያልቃል። የተበላሸ ክላክስ በሌላ መኪና ክላክስ ሲተካ የሚነሣው ችግር በሙሉ ከዚህ የጆሮ ሒሳብ ይመጣል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን የሚወራው ስለ ሽቦ ብቻ ነው።

ክላክሱ የዘጋበት ነጂ መጀመሪያ በምትክ ነገሮች ይሞክራል። በመስኮት እጁን አውጥቶ በሩን በመዳፉ ይመታል፤ ለሚኒባስ ይህ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ረዳቱም ሲወርድና ሲሳፈር በዚያው ላሜራ ላይ ስለሚመታ ሰዉ ለምዶታል። ባዶ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ማስጮህም አለ፤ ይህኛው ነዳጅ በወረፋ በሚቀዳበት ሰሞን ውድ ንግግር ነው። በፉጨት የሚሠራ ነጂም አይጠፋም፤ በፉጨት ዞር የሚሉት ግን ብዙውን ጊዜ ያልተፈለጉት ሰዎች ናቸው። ረዳት ያለው ረዳቱን ያስጮኸዋል። ረዳት የሌለው የቤት መኪና ነጂ አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ!» እያለ ቁልቁል ሲወርድ ከታየ ክላክሱን ማሠሪያው ቀን ደርሷል።

ዕቃው ራሱ ከስሙ ያነሰ ነው። ሲታይ ወይ ጠፍጣፋ ክብ ቆርቆሮ፣ ወይ ጥምዝ ቀንድ ያለው ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ በመሀሉ የሚንቀሳቀስ ብረት፣ ቀጭን የብረት ሽፋንና ሁለት ትንንሽ መገናኛዎች አሉ፤ የድሮ መካኒኮች እንደ ሞተሩ መገናኛ እነዚህንም ፑንቲና ይሏቸዋል። ነጂው ሲጫን ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ያልፋል፤ ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ብረቱንና ሽፋኑን ይስባል፤ ብረቱ ሲሳብ ፑንቲናውን ይከፍተዋል፤ ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሽፋኑ ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፑንቲናው ይገጥማል፤ ነገሩ እንደገና ይጀመራል። ይህ በሰከንድ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ክላክስ እንግዲህ የሚጮኸው ሥራውን በጀመረ ቁጥር ራሱ ስለሚያቋርጠው ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ይህ ጥፋት ተብሎ ደመወዝ ያስቆርጣል።

ከፋብሪካ ሲወጣ ደህና የታሰበበት መኪና ሁለት ክላክስ አለው፤ አንዱ 400 ኸርዝ ገደማ የሚል ወፍራም፣ ሌላው ወደ 500 የሚጠጋ ቀጭን። አንድ ላይ ሲጮኹ ነው ያ «ሙሉ» የሚባለው ድምፅ የሚመጣው። ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆኑ ትዝታ ይሁኑ ባቲ ለመለየት አያስችሉም። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ሲሞት ባለቤቱ አያውቅም፤ መኪናው ትንሽ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል፣ የቀረውም ብቻውን ለዓመታት ይጎተታል። ሁለተኛው ሲዘጋ ነው «ትናንት ድረስ ይሠራ ነበር» የሚባለው።

የኤሌክትሪክ ክላክስ ከመምጣቱ በፊት መኪና የሚጮኸው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ከረጢት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ የኒውአርክ ከተማ ኩባንያ ክላክሰን የተባለውን፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያጓራ መሣሪያ ገበያ ላይ አዋለ። የፈለሰፈው ሚለር ሪስ ሃቺሰን ነው። ይኸው ሰው ቀደም ሲል ስሙ የተነሣው መስማት ለሚቸገሩ በሠራው የኤሌክትሪክ ማዳመጫ ነበር፤ ጆሮ የሚከፍተውንም ጆሮ የሚያደነቁረውንም አንድ እጅ መሥራቱ በጊዜው ብዙ አስቀልዷል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ገበያ ያደራለታል የሚሉም ነበሩ። በዚያው ሰሞን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን ነድቶ አዲስ አበባ አፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሰ። ከጎኑ የሚቀድመው ሌላ መኪና ስላልነበረ ስለ ጥሩምባው አስፈላጊነት የተነሣ ክርክር አይኖርም።

ክላክስ የዘጋበት መኪና ጋራዥ ሲገባ የሚፈተሸው በቅደም ተከተል ነው፤ ቢያንስ እንዲያ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል። ቀጥሎ ሪሌው፤ ሲጫኑት ኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የምትል ድምፅ ከተሰማች ከመሪው እስከ ሪሌው ያለው መንገድ ደህና ነው። ከዚያ መሪው መሀል ያለው መጫኛ። እጅ ሲነካካው የኖረ ነገር ስለሆነ አብዛኛው በሽታ እዚያ ይገኛል፤ በአሮጌ መኪና ላይ መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው የመዳብ ቀለበት ተበልቶ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚጮህ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ዝም የሚል መኪና ይፈጠራል። በመጨረሻ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ሽቦ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ክላክሱ ራሱ ይመጣል። የመንገድ ዳር ኤሌትሪሻን ግን ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው፤ ከባትሪው በቀጥታ ሁለት ሽቦ አውጥቶ የክላክሱን እግሮች ይነካካል። ከጮኸ ጥፋቱ ከኋላ ነው፣ ካልጮኸ ከፊት ነው። ይህ ዘዴ መጽሐፍ ላይ ካለው ይፈጥናል፤ ኮረብታው ላይ ባለው የኢንጂነሪንግ ተቋም የሚያስተምሩትም ሰዎች መኪናቸው ሲዘጋ የሚወርዱት ወደዚሁ ልጅ ነው።

ክላክስን የሚገድለው ሥራ ብቻ አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ክላክስ ግን ዝም ሲል ይነቅዛል። ሲጮህ በፑንቲናው መሀል የምትዘል ብልጭታ ዝገቱን እያቃጠለች ታጸዳዋለች፤ ቆሞ ሲከርም ግን ፑንቲናው ይሻግታል፣ ሽፋኑ ከዳር ይዝጋል፣ አይጥም ሽቦውን ትቀረጥፋለች። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ትግራይ ተዘግታ በቆየችበት ጊዜ ነዳጁም ባንኩም ስልኩም ተቋርጦ የመቀሌ መኪና አብዛኛው በየግቢው ቆሞ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ነዳጅ ቀስ በቀስ መግባት ሲጀምር፣ ከተኛበት የሚነሣ መኪና በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ቀጥሎ ክላክስ ይጠይቅ ጀመር። እስከዚያ ድረስ መለዋወጫ አይገባም ነበርና፣ የማይነሣው መኪና ለሚነሣው ዕቃውን ሲያወርስ ቆይቷል። ውርሱ ያኔ በግድ የመጣ ነው፤ ልምዱ ግን ቀድሞም ነበረ።

ልምዱ የመቀሌ ብቻም አይደለም። አገሩ በሙሉ አሮጌ መኪና ይዞ የሚኖር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ዲኤክስ ኮሮላ ወደ ጡረታ መሄዷ ቀርቶ ዋጋዋ ወጣ። ለእሷ የሚሆን ዕቃ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ እዚያ አንድ መኪና እንደ አንድ መኪና ሳይሆን በረድፍ ተደርድሮ ነው የሚታየው፤ በሮች ከበሮች፣ መብራት ከመብራት፣ ክላክስ ከክላክስ ጋር። መቀሌ ያለው ሰው እስከዚያ ድረስ ስለማይሄድ ለሹፌር አደራ ብሎ ያስመጣል፣ ወይም እዚያው ጋራዥ ግቢ ጥግ ያለ ጎማ ቆሞ የቀረውን መኪና ይጠይቃል።

ከቆመ መኪና ዕቃ መውሰድ የራሱ ሕግ አለው። ክላክስ የሚቀመጠው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ቀድሞ ስለሆነ መኪና ከፊት ሲጋጭ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። ጋራዥ ጥግ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ ደግሞ እዚያ የደረሱት ከፊት ተጋጭተው ነው። ስለዚህ ክላክስ ፈላጊ ዓይኑን የሚጥለው ከኋላ በተመታ ወይም በተገለበጠ መኪና ላይ ነው። ከኋላ የተመታ መኪና ክላክስ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ አደጋውም በእሱ አልተሳበበም። ከፊት የተጋጨ መኪና ክላክስ ሳይጎዳ ከተገኘ ግን ገዢው ትንሽ ሊያስብበት ይገባል፤ ወይ በሰዓቱ ያልጮኸ ነው፣ ወይ ጮኾ ሰሚ ያጣ ነው።

ግዢው የሚፈጸመው በጩኸት ነው። ሻጩ እግሩ ሥር አንድ ባትሪ አለው፤ ሁለት ሽቦ አንሥቶ «ጢጥ» ያደርግና ያነሣዋል። ጀማሪ ገዢ በዚህች ይረካል። የበሰለው ግን «አንዴ ያዝልኝ» ይላል። በድካም ላይ ያለ ክላክስ ለአንድ «ጢጥ» ብርታት አያጣም፤ አምስት ስድስት ሰከንድ ሲይዙት ነው ድምፁ ከላይ ወደ ታች መንሸራተት፣ ከዚያም መንተፋተፍ የሚጀምረው። ሌላው ማታለያ አያያዙ ነው፤ ሻጩ ቆርቆሮውን በመዳፉ አፍኖ ከያዘው ስንጥቅ ሽፋን የሚያወጣው የመንጫጫት ድምፅ ይጠፋል። ቅንፉ ተይዞ ሆዱ ነጻ ሲሆን ነው እውነተኛው ድምፅ የሚሰማው። ሜዳ ላይ ጆሮ የሚሰነጥቀው ክላክስ ኮፈን ሥር ሲገባ ኃይሉ እንደሚቀንስም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከገበያ ወደ ቤት ሲገባ የማይቀንስ ነገር መቼም ጥቂት ነው።

ቮልት ማየት የግድ ነው። የቤት መኪና፣ ሚኒባስና ባጃጅ የሚሠሩት በ12 ቮልት ሲሆን፣ የጭነት አይሱዙና ሲኖትራክ በ24 ናቸው። የ24ቱን ክላክስ አምጥቶ ኮሮላ ላይ የገጠመ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ መንፈቅ የታመመ ሰው ማቃሰት ይገዛል። በተቃራኒው የ12ቱ ጭነት መኪና ላይ ሲገጠም ለጥቂት ቀን ከልክ በላይ ይጮህና ጥቅሉ ተቃጥሎ ለዘለዓለም ያርፋል። ያረጁ ቮልስዋገኖች ላይ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ የተሠሩት ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ የእነሱ ክላክስ ከተገኘ ለመደርደሪያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ቮልቱ ከገጠመ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ቦታ አይሰጠውም፤ ድምፁ ከመኪናው ጋር ይሄዳል ወይ? የባጃጅ ክላክስ ላንድክሩዘር ላይ ሲገጠም በቴክኒክ በኩል ምንም እንከን የለበትም። ቮልቱ አንድ ነው፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል ሲወርድ ግን ተማሪው ከኋላው «ጢጥ» ሲሰማ ለባጃጅ የሚበቃ ቦታ ይለቃል፤ የሚመጣበት ግን ሁለት ቶን ነው። የላንድክሩዘሩ ባለቤትም ሌላ ጉዳት አለበት፤ ግቢ በር ላይ ሲያጮህ ዘበኛው ባጃጅ መስሎት አይነሣም። በተቃራኒው አንዳንድ የባጃጅ ልጆች የጭነት መኪና የአየር ጥሩምባ በትንሽ መጭመቂያ አስገጥመው መንገድ ይወጣሉ። ሰዉ ሲኖትራክ መጣ ብሎ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ዞር ሲል ሦስት እግር ያላት ዕቃ አልፋው ትሄዳለች። አንድ ሁለት ጊዜ ያስቃል። ሦስተኛው ላይ እግረኛው ወፍራም ድምፅ ሁሉ ባጃጅ ነው ብሎ መደምደም ይጀምራል፤ የጆሮው ሒሳብ ተበላሸ ማለት ነው፣ እውነተኛው ሲኖትራክ ሲመጣ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ ነው። ክላክስ በመኪናው ክብደት ልክ ይመረጥ የሚለው ደንብ በየትኛውም ጋራዥ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ መለጠፍ ነበረበት።

ግመልን ይህ አይመለከተውም። ከአፋር የጨው ሜዳ አሞሌ ጭኖ ወደ መቀሌ ገበያ ሲገባ የኖረው ግመል ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያው ነው፤ የዛሬው ጨው አብዛኛው በመኪና ስለሚመጣ ጉዳዩ በራሱ እየተፈታ ነው። አህያ ደግሞ ክላክስ ስትሰማ ትቆማለች፤ መሀል መንገድ ላይ።

የተገኘው ክላክስ ከመገጠሙ በፊት መስተካከል አለበት፤ የሙያው ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ከጀርባው፣ በሰም ወይም በቀለም የተደፈነች አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ልጁ ቀለሙን በካቻቢቴው ጫፍ ፍቆ ያነሣል፣ ክላክሱን በቅንፉ ጠረጴዛው ላይ ያስራል፣ ሽቦውን ያስነካል፣ ከዚያ ብሎኗን በጣም በትንሹ፣ ከዙሪያዋ ሩብ እንኳ በማይሞላ ልክ ያዞራል። ወደ አንዱ ወገን ሲያዞራት ድምፁ ይሻክራል፤ ወደ ሌላው ሲመልሳት ጭራሽ ይጠፋና «ጠቅ» ብቻ ይቀራል። በሁለቱ መሀል ጥርት የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ልጁ ሳያስበው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ብሎኗ የምታስተካክለው የፑንቲናውን ክፍተት እንጂ የድምፁን ቅጥነት አይደለም። ይህን የማያውቅ ደንበኛ «ትንሽ ወፈር አድርግልኝ» ይላል፤ ልጁም «እሺ አያ» ብሎ ምንም ሳይነካ ካቻቢቴውን ዞር ዞር ያደርጋል፤ ደንበኛው «አሁን ልክ ሆነ» ይላል። ብሎን አዙሮ የማይመለስ ከሆነ ዙሪያውን የያዙት ሪቬቶች በመሰርሰሪያ ተነቅለው ሆዱ ይከፈታል፤ ፑንቲናው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በሪቬቶቹ ፈንታ ትንንሽ ብሎንና ዳዶ ይገባል፤ ከዳሩ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ ክላክሱ የየትኛው ፋብሪካ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አፉ ጃፓን፣ ሆዱ ሕንድ፣ ላስቲኩ ደግሞ የአንድ አይሱዙ ጎማ ነው።

ሲገጠም አፉ ወደ ፊትና ወደ ታች ይዞራል፤ ወደ ላይ ከሆነ ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥርና የመጀመሪያው ዝናብ ማግስት መጉረጥረጥ ይጀምራል። ሆዱ ከቦዲው መነካካት የለበትም፤ ቅንፉም ከፋብሪካ እንደመጣው ስስና ተነቃናቂ ላሜራ መሆን አለበት። በወፍራም ብረት በይዶ «እንዳይነቃነቅ» ማድረግ ድምፁን ማፈን ነው። ኮብልስቶን መንገድ ብሎን ስለሚፈታ ዳዶው ሥር የስፕሪንግ ቀለበት ይደረጋል። ሽቦውም ሊናቅ አይገባም፤ አንድ ክላክስ ከአራት እስከ ስድስት አምፔር ይወስዳል፣ ሁለቱ ሲሆኑ እጥፍ ነው። የራዲዮ ሽቦ አምጥቶ በናስትሮ ጠቅልሎ የሚያልፍ ሰው ክላክስ ሳይሆን የጭስ ምልክት ይገጥማል። መሪ መሀል ያለው መጫኛ እምቢ ካለ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የቤት በር ደወል መጫኛ ተገዝቶ ዳሽቦርዱ ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ደወሉን የሠራው ሰው ግማሽ አምፔር አስቦ ስለሠራው በመሀሉ ሪሌ መኖር አለበት፤ ከሌለ መጫኛው ቀልጦ ይጣበቃል።

መጣበቅ የክላክስ ታላቁ ውርደት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ የመኪናው ቁልፍ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሳለ መኪናው ብቻውን ይጀምራል፣ ምክንያቱም የክላክስ መስመር በብዙ መኪና ላይ ከቁልፉ በፊት ነው። ባለቤቱ ነጠላ አጣፍቶ ሲወጣ መሪውን ይመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይለምናል። የሚሻለው ኮፈኑን ከፍቶ ሪሌውን ነቅሎ ማውጣት ነው፤ ሪሌ የሌለው የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፈታል። ለዚህ አሥር ቁጥር ቁልፍ የአልጋ ሥር ዕቃ እንዲሆን የሚመክሩ መካኒኮች አሉ፤ የጎረቤትን ፊት ያየ ሰው ምክሩን አይንቅም።

ከተገጠመ በኋላ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ክላክሱ ይሞከራል። መርማሪው የሚፈልገው እንዲጮህ ነው፤ የማን እንደነበረ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ክላክስ የሚደረገው አደጋ ለመከላከል ብቻ ነው፤ ከከተማ ውጭ ደግሞ ሊቀደም ላለ ነጂ ማስጠንቀቂያ ይፈቀዳል፤ ድምፁም ከሚያስፈልገው በላይ አይርዘም ይላል። የስምምነቱ አርቃቂዎች የመቀሌን እሑድ አላዩም። ሙሽራ የያዘ መኪና ፊት ሆኖ አሥራ አምስት መኪና ከኋላው ሲያጅብ አንዱም ክላክስ አደጋ ለመከላከል አይደለም፤ ይልቁንም በዚያ ቀን ያልጮኸ መኪና ያኮረፈ ዘመድ ተደርጎ ይቆጠራል። በተውሶ የተገጠመ ክላክስ እውነተኛ ፈተናውም ይኸው ነው፤ በሥራ ቀን ሠላሳ «ጢጥ» ያለው ክላክስ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮህ ሆዱ ይግላል፣ ጥቅሉ ይዝላል፣ ፑንቲናው ይጋጋጣል። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ የሚገቡት ክላክሶች ከእሑድ ሚዜነት የተመለሱ ናቸው።

የወጣው አሮጌ ክላክስ አይጣልም። ቅንፉ ለሌላ ይሆናል። ሪቬቱ ተነቅሎ ፑንቲናው ይወጣና ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ፑንቲና የየትኛው መኪና እንደነበር የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። የመዳብ ጥቅሉ ተፈትቶ ከሌላ መዳብ ጋር በኪሎ ይሸጣል። የቀረው ቆርቆሮ እንደ አዲስ አበባው ቁራሌ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ለሚለቅመው ሰው ይሰጣል። እሱ ደግሞ በቀን ስንት ክላክስ በጆንያው ተሸክሞ ሲዞር መንገዱን የሚያስከፍተው በገዛ ጉሮሮው ነው።